የማትቀልጠው ፍሬ፦ ክፍል አራት፣ እርሳሱ ሲገባ

ባለፈው ሳምንት የተለያየነው ነቀምቴ ላይ፣ ከአንጥረኛው ምድጃ ፊት ነበር። ወናፉ ያናፋል፤ ከሰሉ ግሎ ነጭ ሆኗል፤ ማቅለጫዋ ውስጥ ከቢርቢር ዳር የመጡት ሦስት ግራጫ ፍሬዎች ተኝተዋል። ሽማግሌው በግራ እጃቸው ጉጠቱን፣ በቀኝ እጃቸው ሌላ ነገር ጨብጠዋል። ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ሳልነግራችሁ «ይቀጥላል» ብዬ ዘጋሁባችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስትገምቱ እንደከረማችሁ አውቃለሁ። ጨው ነው ያላችሁ አላችሁ፤ ቦራክስ ነው ያላችሁም አትጠፉም።

እርሳስ ነው።

ቆዩ፣ አትሩጡ! እርሳሱ ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ የቆመውን ሰው እንዳትረሱት። ከዩብዶ ወርቁን በጨርቅ ቋጥሮ የመጣው አጣቢ አሁንም ቆሟል። ተቀመጥ ያለው የለም። ሽማግሌው የተናገሩትን ታስታውሳላችሁ አይደል? «ወርቅህ ውስጥ ብረት ቀላቅለሃል» ነበር ያሉት። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር 1910ዎቹ ነው። የወለጋ ወርቅ በወቄት ይመዘናል፤ ግብርም ይከፈልበታል። እንዲህ ያለው ነገር ከአንጥረኛ ቤት ወጥቶ ሌቃ ነቀምቴ ግቢ ከደረሰ፣ የአጣቢው ስም ብቻ ሳይሆን ቆዳውም ያሳስባል።

ማስረጃውስ? የሽማግሌው የልጅ ልጅ ከነጋዴ ያገኘው ማግኔት ነዋ። ሲያስጠጋው ሁለቱ ፍሬዎች ተፈናጥረው ተለጠፉ፤ ሦስተኛዋ ንቅንቅ አላለችም። እሷን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

«አባኮ፣ ብረት ቢሆንማ ውሃው ይወስደው ነበር» አለ አጣቢው፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «ገበታውን ሳዞር መጀመሪያ ጭቃው ይሄዳል፣ ቀጥሎ ጥቁሩ አሸዋ ይሄዳል። ይሄ ግን ከወርቁ ጋር ቁጭ ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ ለቅሜ ስጥለው ኖሬያለሁ!»

ስጥለው ኖሬያለሁ። ይችን ቃል ያዟት።

አጣቢው ፊዚክስ አልተማረም፤ የተናገረው ግን ፊዚክስ ነው። ጥቁሩን አሸዋ የሚያጠቁረው የብረት ማዕድን ከውሃ አምስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ራሱ ብረት ስምንት እጥፍ ገደማ ነው፤ ወርቅ 19 እጥፍ። የዚህ ፍሬ ዋና አካል የሆነው፣ ሽማግሌው ገና ስሙን ያልሰሙት ብረታብረት ደግሞ 21 እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ገበታው ላይ ከወርቁ አይለይም፤ በሚዛንም ለማጋለጥ አስቸጋሪ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ኮሎምቢያ በምንላት አገር፣ የስፔን ሹማምንት ይኸንኑ ግራጫ ነገር ወንዝ ውስጥ አስጥለውታል። ለምን ቢባል አጭበርባሪዎች ከወርቅ ጋር እያቀላቀሉ ስላስቸገሩ ነው። እንግዲህ የሽማግሌው ጥርጣሬ ከእሳቸው በፊት ብዙዎች የጠረጠሩት ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁና ወደ እሳቱ እንመለስ። አንጥረኛውንና አጣቢውን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ስም ያልሰጠኋቸውም ለዚሁ ነው። ፍሬዎቹን ግን እኔ አልፈጠርኳቸውም። ዩብዶ ምዕራብ ወለጋ ውስጥ፣ ከጊምቢ ወዲያ፣ በቢርቢር ተፋሰስ አለች። አፈሯ ውስጥ ፕላቲነም አለ፤ በእነዚያው ዓመታትም መውጣት ጀምሯል። የጣሊያናዊው ወርቅ ፈላጊ የአልቤርቶ ፕራሶ ስም ከዚያ ታሪክ ጋር ተያይዞ ይነሣል። የፈረንጆቹን ሰነድ ለክፍል ስድስት አቆይቼላችኋለሁ። አሁን ምድጃው እየበረደ ነው።

«ንፋ፣ ኢልማኮ!» አሉ ሽማግሌው።

ልጁ ወናፉን ተጫነው። የከሰል እሳት በደንብ ሲነፋ 1200 ዲግሪ፣ ቢበዛ 1300 ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት በዚህ እሳት ነው። ለመስቀልና ለጉትቻ የሚያቀልጡት የማርትሬዛ ጠገራ ብር፣ መዳብ ስላለበት ከ900 በታች ይፈሳል። ወርቅ 1064 ላይ እጁን ይሰጣል። መዳብ 1085 ላይ። ፍሬዎቹ ውስጥ የተደበቀው ፕላቲነም ደግሞ 1768 ይፈልጋል! ልጁ እስኪነጋ ቢነፋ፣ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ቢያግዘው፣ ያ ምድጃ እዚያ አይደርስም። አውሮፓውያኑም ቢሆኑ ብዙ ዘመን ተቸግረውበታል። ፈረንሳዮቹ ደቪልና ደብሬ ከኖራ በተሠራ ምድጃ ውስጥ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን አቀጣጥለው ብዙ ፕላቲነም በአንዴ ማቅለጥ የቻሉት እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ ነው።

ሽማግሌው ይህን አያውቁም። የሚያውቁት እሳት ብቻውን ያላሸነፈውን እርሳስ እንደሚያታልለው ነው። እርሳስ 327 ዲግሪ ላይ ይፈሳል፤ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ሆዱ ሰፊ ነው፣ ወርቁንም ብሩንም ይውጣል።

«አንተ ውጣ» አሉት ልጁን። «የእርሳስ ጭስ አትማግ።»

«ወናፉን ማን ይነፋል፣ አካኮ?»

ሽማግሌው ዞር ብለው አጣቢውን አዩት።

እንግዲህ ተከሳሹ ራሱ የፍርዱን እሳት ሊነፋ ተቀመጠ። ልጁ ወጣ ቢልም ሩቅ አልሄደም፤ በግድግዳው ስንጥቅ በአንድ ዓይኑ ያያል። እርሳሱ ጠብ አለ። ተንሸራተተ፣ አብረቀረቀ፣ ፍሬዎቹን ከበባቸው። አጣቢው ትንፋሹን ዋጠ። አንዷ ፍሬ ጠርዟ ላላ። ሁለተኛዋ ቀስ እያለች ተመናመነች። ጥቂት ቆይቶ ማቅለጫዋ ውስጥ የሚታየው የሚርገበገብ ብርማ ፈሳሽ ብቻ ሆነ።

«ቀለጠ!» ብሎ ጮኸ አጣቢው።

«አልቀለጠም» አሉ ሽማግሌው። «ተበላ።»

እንዴት ያለ ትክክለኛ ቃል ነው! ዛሬም የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው የፕላቲነም ማቅለጫውን ከዚሁ ነገር እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል። አሲድ ያልደፈረውን ማቅለጫ፣ ትኩስ ሆኖ ሳለ ጥቂት እርሳስ ወይም ቆርቆሮ ወይም ፎስፎረስ ቢነካው ይበሳዋል። ምክንያቱም ሁለቱ ሲቀየጡ ቅይጡ ከፕላቲነሙ መቅለጫ እጅግ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈሳል። ሙቀትን የሚችል ብረታብረት ዋና ጠላቱ ሙቀት ነው ብላችሁ ታስቡ ነበር? ጠላቱ ብዙ ጊዜ ጎረቤቱ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ከቦሌ ስለሚነሣው የጄት ሞተር ስናወራ ይኸው ነገር በሌላ መልክ ይመጣል።

አሁን ግን ፍርዱ። ሽማግሌው ድንገት መሣቅ ጀመሩ። የንዴት ሣቅ አልነበረም።

«እኔ እርሳስ የማቀልጠው በምንድነው?» አሉ።

አጣቢው ግራ ገባው። «በ... በጭልፋ?»

«በምን ጭልፋ?»

«በብረት።»

«እርሳሱ ጭልፋዬን በልቶት ያውቃል?»

ዝም። ወናፉም ዝም አለ።

ገባችሁ? ካልገባችሁ አንድ አረፍተ ነገር መልሳችሁ አንብቡ፣ እጠብቃችኋለሁ። የቀለጠ እርሳስ ብረትን አይበላም፤ ሁለቱ አይዋሐዱም። እርሳስ በብረት ድስት የሚቀልጠው ለዚህ ነው። ፍሬዎቹ ተራ ብረት ቢሆኑ ኖሮ እርሳሱ ላይ ተንሳፍፈው ይቀሩ ነበር። ጠፉ፤ ስለዚህ ብረት አይደሉም። አጣቢው በአንድ የብረት ጭልፋ ነጻ ወጣ!

«ተቀመጥ» አሉት ሽማግሌው። ቡናም ታዘዘ።

ደስ አላችሁ? እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ማግኔቱስ? ብረት ካልሆኑ ማግኔቱ ሁለቱን ለምን ሳባቸው? ሽማግሌውም ቡናው ሳይደርስ ይኸው ጥያቄ ጠቀጠቃቸው። ተነሡ። የእርሳሱን ፈሳሽ በአጥንት አመድ በተሠራች ገበቴ ላይ ገለበጡና ንፋሱን ከላይ ለቀቁበት። ይህ ብር ማጥሪያ ነው፦ እርሳሱ ከአየር ጋር ተዋሕዶ አመዱ ውስጥ ይሰርጋል፤ በመጨረሻ ብሩ ወይም ወርቁ ብልጭ ብሎ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ሽማግሌው ያችን ብልጭታ ጠበቁ።

አልመጣችም። እርሳሱ ግማሽ መንገድ ሲደርስ የቀረችው ጠብታ ደረቀች። ግራጫ ሆነች፣ ላይዋ እንደ ዝንጅብል ጎረበጠ፣ የቀረውን እርሳስ ሆዷ ውስጥ ቆልፋ ተቀመጠች። ለምን? እርሳሱ በቀነሰ ቁጥር የቅይጡ መቅለጫ እየጨመረ ሄዶ ምድጃውን በለጠው። እሳቱ ያው ነው፤ በውስጧ ያለው ድርሻ ግን ተለወጠ። የሙቀት ቻይ ቅይጥ ሳይንስ ብዙው ክፍሉ በዚህች ጠብታ ላይ ተጽፏል፦ ምን ተቀየጠ፣ ምን ያህል ተቀየጠ።

«ብረት አይደለም፣ ብር አይደለም፣ ወርቅም አይደለም» አሉ ሽማግሌው። ጨርቁ ውስጥ የቀሩትን ፍሬዎች ቋጠሩና ለአጣቢው መለሱለት። «ከእኔ የተሻለ እሳት ያለው ሰው ፈልግ።»

እሳት አልነበረም የሚያስፈልገው። ውሃ ነበር፤ የሚያቃጥል ውሃ።

ያዙኝ፣ ባሕር እንሻገራለን። ቋጠሮው ከነቀምቴ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ አውሮፓ ገባ እንበል። በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ኬሚስትና አንድ ወጣት ተማሪ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። እነሱም የእኔ ልጆች ናቸው፤ በመስታወቱ ቢከር ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ግን እውነት ነው፤ ዛሬም ቢሠራ እንዲሁ ይሆናል።

ኬሚስቱ አንድ እጅ ናይትሪክ፣ ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቀላቀለ። አኳ ሬጂያ ይሉታል። እያንዳንዱ አሲድ ብቻውን ወርቅንም ፕላቲነምንም አይነካም፤ ሲተባበሩ ሁለቱንም ያሟሟሉ። ወርቅ ቶሎ ይሸነፋል፤ ፕላቲነም ግን ሙቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል። ቢከሩ ከምድጃ ላይ ዋለ። ቡናማ ጭስ ወጣ፣ ፈሳሹ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካን አደላ።

«አለቀ?» ይላል ተማሪው በየሰዓቱ።

«አላለቀም።»

ሲመሽ ፍሬዎቹ ሟሙ። አልሟሙም ልበላችሁ? ከቢከሩ ግርጌ ጥቂት ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ ቅንጣቶች ቀሩ። አኳ ሬጂያ ጭራሽ አልነካቸውም። ኬሚስቱ አያቸውና ፊቱ ተለወጠ። አጣራቸው፣ ለብቻ በትንሽ ሳህን አኖራቸው፣ ስለእነሱም አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም ለጊዜው አልተነፍስም።

መጀመሪያ የማግኔቱን ዕዳ እንክፈል። ተማሪው ከፈሳሹ አንዲት ጠብታ ወስዶ ፖታሲየም ታዮሳያኔት ጨመረባት። ጠብታዋ ደም መሰለች።

ብረት!

አዎ፣ ሽማግሌው ተሳስተው ነበር፤ ትክክልም ነበሩ። አጣቢው የቀላቀለው ብረት የለም። ብረቱን የቀላቀለችው ምድር ናት፤ ወርቁ ውስጥ ሳይሆን ራሱ ፕላቲነሙ ውስጥ። የዩብዶ ፕላቲነም ከብረት ጋር ተቀይጦ የተወለደ ነው። ማዕድኑ ሦስት የፕላቲነም አቶም ለአንድ የብረት አቶም ሆኖ ሲገኝ፣ በክብደት ብረቱ 9 በመቶ አይሞላም። ያች ትንሽ ድርሻ ግን ማግኔት እንዲስበው ታደርገዋለች። ማግኔቱን የናቀችው ሦስተኛዋ ፍሬስ? ብረቷ ከእህቶቿ ያነሰ ነበር። በአንድ ጨርቅ ተቋጥረው የመጡ ፍሬዎች ድርሻቸው አንድ አይደለም፤ ፍሬ በፍሬ የሚመረመሩትም ስለዚህ ነው።

ቀጥሎ አሞኒየም ክሎራይድ። ኬሚስቱ ጨመረው፤ ፈሳሹ ደፈረሰና ደማቅ ቢጫ ዝቃጭ ወረደ። ይህ የፕላቲነም ፊርማ ነው። ብረቱ ከላይ በፈሳሹ ውስጥ ቀረ፤ ፕላቲነሙ ወረደ። ያ ዝቃጭ ተጣርቶ ሲግል ቀለሙ ይጠፋና ግራጫ፣ ቀዳዳ የበዛበት ንጹሕ ፕላቲነም ይተውልናል። የዛሬው ዝቃጭ ግን ትንሽ ቀላ አለ።

«ቆሽሿል» አለ ተማሪው።

«አልቆሸሸም። ኢሪዲየም አለው።»

ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ ይጠሩ ጀመር። ፓላዲየም በራሱ መለያ ኬሚካል ቢጫ ሆኖ ወረደ። መዳብ ተገኘ። ሮዲየም በቀይ ጨዉ ታወቀ። አንዲት ትንሽ ፍሬ ውስጥ ይህ ሁሉ!

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ነገሩ ልቤን ስለሚነካው ነው። እነዚህ «ቅልቅሎች» ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? ሰው በገንዘቡ ገዝቶ ፕላቲነም ውስጥ የሚጨምራቸው ናቸው። ንጹሕ ፕላቲነም ሲግል ይለሰልሳል። 10 በመቶ ሮዲየም ሲጨመርበት ይጠነክራል፤ ከንጹሕ ፕላቲነም ሽቦ ጋር ጫፍ ለጫፍ ሲያያዝ ደግሞ የምድጃን ሙቀት በኤሌክትሪክ ይናገራል። ፈረንሳዊው ለ ሻተሊዬ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የሠራው ይህ መለኪያ እስከ 1600 ዲግሪ ድረስ ዛሬም ይታመናል። 10 በመቶ ኢሪዲየም ሲጨመር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1889 የዓለም ኪሎግራም መለኪያ የሆነው ቅይጥ ነው። የጄት ሞተር ተርባይን ምላጭ በኒኬል ላይ ክሮሚየም፣ ኮባልትና አሉሚኒየም ተቀይጦበት የተሠራ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ፕላቲነምና አሉሚኒየም ያለበት ሽፋን ይደረጋል፤ ጎረቤቱ የሆነው ኦክስጅን እንዳይበላው። አጣቢው ምን ነበር ያለው? «ለቅሜ ስጥለው ኖሬያለሁ።»

ድርሻውን ሳያስመረምር የሚሸጥ ሰው በገዢው አፍ ይሸጣል። ወለጋ ውስጥ ገበታ ይዞ ውሃ ውስጥ የሚውል ሰው ሁሉ በእጁ ያለውን ነገር በስሙና በመቶኛው ማወቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ይህን ታሪክ መጻፍ የጀመርኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እሺ፣ ትዕግሥታችሁ አልቋል። ጥቁሮቹ ቅንጣቶች!

ኬሚስቱ ወደ ትንሿ ሳህን ተመለሰ። ኦስሚየምና ኢሪዲየም ተቀይጠው ነው፤ ያወቃቸውም ገና ሲያያቸው ነው። ኢሪዲየም 2446 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ኦስሚየም ከ3000 በላይ። አሲድ አይነካቸው፣ እሳት አያሸንፋቸው። መላው ግን ሽማግሌው ነቀምቴ ላይ ያገኙት ዓይነት ነው፦ በሌላ ብረታብረት ማስበላት። ኬሚስቱ እርሳስ ሳይሆን ዚንክ መረጠ። አብሮ አቀለጣቸው፤ ሲቀዘቅዝ ዚንኩን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አጥቦ አወጣው። የቀረው እንደ ጥላሸት የላመ ጥቁር ዱቄት ሆነ።

«ነገ ጠዋት እናግለዋለን፤ ከጭስ መውጫው ስር» አለና ካፖርቱን አነሣ። «አንተ አትንካው። ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

ተማሪ ናችሁ? ተማሪ ነበራችሁ? እንግዲያው የሚሆነውን ታውቁታላችሁ።

የኬሚስቱ እግር ደረጃውን እንደወረደ ተማሪው መብራቱን አቀጣጠለ። ብርድ ስለነበር መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ሳህኑን እሳቱ ላይ ጣደና ዱቄቱን በቅርብ ለማየት ጎንበስ አለ። ምንም አልታየውም። ጭስ የለም፣ ቀለም የለም። ሽታ ግን መጣ፤ ክሎሪን የሚመስል፣ አፍንጫን የሚወጋ።

«የአሲዱ ነው» አለ ለራሱ፤ ይበልጥ ጎንበስ አለ።

የአሲዱ አልነበረም! ኦስሚየም በ3000 ዲግሪ የማይበገር ነው፤ ግን ልሞ ዱቄት ሲሆንና ከአየር ጋር ሲግል ኦስሚየም ቴትሮክሳይድ ይሆናል። ይህኛው 130 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ሳይፈላም ይተናል። መርዝ ነው። መጀመሪያ የሚፈልገውም ዓይንን ነው።

ተማሪው እንባ እንባ አለው። ደንግጦ መብራቱን አጠፋ፣ ሳህኑን እንዳለ ትቶ በሩን ቆለፈና ወጣ። መንገድ ላይ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ፤ ቀለል አለው። ቤቱ ደርሶ ሻማ ለኮሰ። ሰዓታት አለፉ። ከመተኛቱ በፊት ሻማውን ሊያጠፋ ሲዞር፣ በነበልባሉ ዙሪያ ቀለማም ክብ አየ። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ክቡ አልሄደም። ሰፋ እንጂ።

የዚያን ጊዜ ትዝ አለው፦ ሳህኑ ክዳን አልነበረውም። ክፍሉ ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶ ያድራል። የበሩ ሁለተኛ ቁልፍ ያለው ደግሞ ሌላ ሰው ዘንድ ነው፤ ያ ሰው ከንጋቱ በፊት ገብቶ ክፍሉን ይጠርጋል።

ሰዓቱን አየ። ወፍ ሊንጫጫ ሲል ነው።

ጫማውን ሳያስር ሮጠ። የላቦራቶሪው መግቢያ ጋ ሲደርስ የውጭው በር ገርበብ ብሎ አገኘው፤ ከላይ፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣ የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማል።

ይቀጥላል።